አሥራ ዘጠኝ ተኩል ጥርስ

«ትዕግሥት» የተባለው የነፋስ ወፍጮ ወዳጆች ማኅበር፣ የኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሜይ 14 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቦታ፦ ኦስተርዊርደ መንደር፣ ግሮኒንገን፣ የወ/ሮ ትሪንትየ ዳቦ ቤት ጓዳ። በደንቡ መሠረት ስብሰባው ወፍጮው ውስጥ መካሄድ ነበረበት። ዛሬ ግን አጀንዳው ራሱ ወፍጮው ስለሆነ እሱ ባለበት ስለ እሱ ማውራት ነውር ነው ተብሎ ወደዚህ ተዛውሯል። በመስኮቱ ይታያል።

የተገኙ፦
አቶ ኤፖ ዊርሴማ፣ ሰብሳቢ፣ ከውኃና ግድብ መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ
አቶ ሐርም ዳይከማ፣ ባለወፍጮ
ወ/ሮ ትሪንትየ ቦልት፣ ዳቦ ጋጋሪ
አቶ ሉፖ ሜንሲንጋ፣ የሒሳብ መምህር የነበሩ
ወ/ሮ አልትየ ክሎስተር፣ ጸሐፊ (ድምፅም የመናገር መብትም የላትም)

ያልተገኙ፦
አቶ ሜኖ ዊርሴማ፣ አናጢ፣ በሞት ምክንያት። ምክንያቱ በቂ ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

ምልዓተ ጉባኤው አራት ድምፅ ሰጪ አባላት ሲሆን አራቱም በመገኘታቸው ሰብሳቢው ስብሰባውን ከፈቱ። ወዲያው አቶ ሉፖ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። አቶ ሐርምና ጸሐፊዋ የፊታችን ቅዳሜ ይጋባሉ፤ ዛሬ የሚነሣው ጉዳይም ሠርጋቸውን ይነካል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይውጡ ሲሉ አሳሰቡ። ሁለቱ ከወጡ ግን ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል፣ የሚጽፍም አይኖርም። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ሐርምና ጸሐፊዋ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደ ባዕድ እንዲቆጠሩ ተወሰነ (ውሳኔ ቁጥር 1)። ጸሐፊዋ ይህን በገዛ እጇ ጽፋለች።

አቶ ሐርም ጉንፋን ይዞኛል በማለት እስከ አፍንጫቸው ድረስ በሻርፕ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ይህን ሻርፕ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሲፈቱት ያየ የለም። ጸሐፊዋ ባዕድ ስለሆነች አስተያየት የላትም።

አጀንዳ አንድ፦ የክንፎቹ አቋቋም

ሰብሳቢው ጉዳዩን አቀረቡ። ከሦስት ሳምንት በፊት የወፍጮው አናጢ፣ የሰብሳቢው ታናሽ ወንድም አቶ ሜኖ ሲያርፉ፣ እንደ ወጉ ክንፎቹ በሐዘን እንዲቆሙ ተደርጓል፤ ማለትም የታችኛው ክንፍ ቀጥ ካለ በኋላ ጥቂት አልፎ። በቀብሩ ማግሥት ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ሲሞከር ወፍጮው አልነቃነቅ አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ ከክንፎቹ ጋር የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩርና የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ትንሹ መንኮራኩር ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው ቀርተዋል። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ነው፤ ለሠርግ ክንፉ ቀጥ ከማለቱ ጥቂት ቀድሞ መቆም አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ክንድ ቢሆን ነው። ነገር ግን አንደኛው «እየመጣ ነው» ማለት ሲሆን ሌላኛው «ሄደ» ማለት ነው።

ወ/ሮ ትሪንትየ የመንደሩን ሁኔታ አስረዱ። ብስክሌት የሚነዳው ሁሉ ክንፉን ሲያይ ኮፍያውን ያወልቃል። ሐዘን ይህን ያህል ቆሞ ስለማያውቅ ሰዉ ሌላም ሰው ሞቷል ብሎ ደምድሟል፤ ማን እንደሆነ ፊት ለፊት መጠየቅ ግን አያምርም። ሐዘንተኛው እሳቸው ይሆናሉ በሚል ግምት ለአቶ ሐርም አምስት ድስት የሰናፍጭ ሾርባ ደርሷቸዋል። አንዲት የጎረቤት መንደር ሴትማ ዳቦ ልትገዛ መጥታ «ለመሆኑ የሞተው ሙሽራው ነው ወይስ ሙሽሪት?» ብላ በሹክሹክታ ጠይቃለች።

«ኬኩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ ወ/ሮ ትሪንትየ። «እንኳን ደስ አላችሁ ነው ወይስ ነፍስ ይማር?»

ለጊዜው ወፍጮው በር ላይ «ማንም አልሞተም» የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ አቶ ሉፖ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ወንድማቸው መሞቱን አስታወሱ። «ከሜኖ በቀር ማንም አልሞተም» ተብሎ ተሻሻለ። ወ/ሮ ትሪንትየ ይህ አነጋገር ተራ እየተጠበቀ ያለ ያስመስላል ብለው ተቃወሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ «እስካሁን ሌላ የሞተ የለም» የሚለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ (ውሳኔ ቁጥር 2)።

ጸሐፊዋ የመናገር መብት የላትም። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው አልተነገረም፤ ተጽፎ ብቻ ይቀመጥ። ጸሐፊዋ በመጀመሪያ ያገባችው በጦርነቱ ጊዜ ነበር። ወታደሮቹ ወፍጮውን ማንም እንዳይነካ ከልክለው ስለነበር ክንፉ እንዲያው በቆመበት ቀረ። የመጀመሪያ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ» ብሏት ነበር። ሌላ ጊዜ ማለት ይኸው ቅዳሜ ነው። ጸሐፊዋ ከቤተ ክርስቲያን በር ስትወጣ ሐዘን ማየት አትፈልግም።

አጀንዳ ሁለት፦ የትንሹ መንኮራኩር ጥርስ ብዛት

አቶ ሐርም፣ ቁጥሩ ሳይቀየር ወፍጮውን መጠገን ውኃ መውቀጥ ነው አሉ። ትንሹ መንኮራኩር ሃያ ጥርስ መያዙ ቀርቶ ስንት መሆን እንዳለበትም ተናገሩ፤ ነገር ግን ከሻርፑ ውስጥ የወጣው «አፍራ ፈጠኝ» የሚል ስለነበር ሰብሳቢው እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም ብለው ውድቅ አደረጉት። ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ማለታቸው እንደሆነ ተደረሰበት። ጥርስ ላይ የሚወጣ እንግዳ ጉንፋን ነው ሲሉ አቶ ሉፖ አስተያየት ሰጥተዋል።

አቶ ሉፖ አስቀድሞ ወጥተን እንቁጠር ብለው ነበር። አቶ ሐርም በብርቱ ተቃወሙ፤ መሰላሉ አንድ እርከን ጎድሎታል፣ ሰው ይሰበራል አሉ። ሰብሳቢውም መውጣት እንደማያስፈልግ ገለጹ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መንኮራኩሮቹ ሲተከሉ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ትልቁ ስልሳ፣ ትንሹ ሃያ ይላል፤ አናጢው አቶ ሜኖም ፈርመውበታል። ቃለ ጉባኤ እያለ መቁጠር ቃለ ጉባኤን መጠራጠር ነው ተባለ።

ሃያና አሥራ ዘጠኝ ምን ልዩነት እንዳላቸው አቶ ሉፖ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ለማስረጃ የብስኩቱ ቆርቆሮ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ትሪንትየ ለእያንዳንዱ ሰው ከቡናው ጋር አንድ ብስኩት መሰጠቱን፣ ቆርቆሮውም መከደኑን አስታውሰው ከለከሉ። ማስረጃው በቡናው የስኳር ጠጠሮች ቀጠለ።

«ስልሳና ሃያ ከሆኑ» አሉ አቶ ሉፖ፣ «ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ልክ ሦስቴ ይዞራል። ስለዚህ የትንሹ አንድ ጥርስ ዕድሜ ልኩን የሚገናኘው ከትልቁ ሦስት ጥርሶች ጋር ብቻ ነው፤ ከእነዚያው ከሦስቱ። አንዱ ጥርስ ጉጥ ካለው እነዚያኑ ሦስት ሲመታ ከርሞ ይሰብራቸዋል። ስልሳና አሥራ ዘጠኝ ከሆኑ ግን ሒሳቡ እኩል አይወጣም። በየዙሩ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ውሎ አድሮ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ጉዳቱንም ስለሚካፈሉት እኩል ያረጃሉ።»

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከሦስት ጎረቤት ጋር ነው የኖርኩት» አሉ ሰብሳቢው። «ምን ሆንኩ?»

«ሁለቱን አታናግራቸውም» አሉ ወ/ሮ ትሪንትየ።

ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

አቶ ሐርም ቀጠሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሃያ ጥርስ ሲንኳኳ ወገባቸው እንደተቀጠቀጠ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ሃያ መሆኑን እንደሚለዩት፣ ሌሊት በሕልማቸው ሳይቀር እንደሚቆጥሩት አመለከቱ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልክ?» አሉ ሰብሳቢው።

«መች ዝም አልኩ? አሥራ ዘጠኝ አድርገው እያልኩ ሜኖን በየሳምንቱ ስጨቀጭቀው ነበር። ‹እሺ ሐርም፣ ገብቶኛል› ይለኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቧንቧውን ያጨሳል።»

ሰብሳቢው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወንድሜ ሃያ ብሎ ፈርሞ ነው የሄደው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ጥርሱን ልንነቅልበት ነው?»

አቶ ሐርም በሰብሳቢው ላይ የቆየ ጥርስ እንደነከሱ ከሰብሳቢው ተነገራቸው። አቶ ሐርም በምን ልንከስ ብለው መለሱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ወ/ሮ ትሪንትየ፣ ምላስና ጥርስም ይጋጫል፣ ግን አንድ አፍ ውስጥ ያድራል ብለው ሁለቱን ለማስማማት ሞከሩ። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው የሥራ ልምዳቸውን ጠቀሱ። በግድብ መሥሪያ ቤት አንዱ ሦስት ሜትር፣ ሌላው አራት ሜትር ካለ ሦስት ተኩል ይሠራል፤ ውኃውም እስከ ዛሬ አልገባም። ስለዚህ ሃያ ባዩም አሥራ ዘጠኝ ባዩም ቅር ሳይለው አሥራ ዘጠኝ ተኩል ጥርስ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሐርም ሃያ እስካልሆነ ድረስ አሸንፌያለሁ አሉ። ሰብሳቢው አሥራ ዘጠኝ እስካልሆነ ድረስ ወንድሜ አልተደፈረም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ተኩል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ (ውሳኔ ቁጥር 3)። አቶ ሉፖ እጃቸውን ካወጡ በኋላ፣ የተጠየቅሁት ድምፄን እንጂ ሒሳቤን አይደለም የሚል ማብራሪያ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቧል።

ግማሹ ጥርስ በቁመት ይገመስ ወይስ በውፍረት በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተገኘ፣ ሁለት አባላት ያሉት የግማሽ ጥርስ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ አቶ ኤፖና አቶ ሐርም ናቸው። ጥናታቸውን በሴፕቴምበር ያቀርባሉ (ውሳኔ ቁጥር 4)።

«ሴፕቴምበር?» አሉ ወ/ሮ ትሪንትየ። «ኤፖ፣ ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው። አልትየን እያት እስቲ።»

ሰብሳቢው ጸሐፊዋን አላዩም። ያዩት በመስኮቱ ነው። «አንድ ሰው አንድ ወር ቢታዘንለት ምን አለበት?» አሉ። «ጠዋት ስነሣ ክንፉን አየዋለሁ። ሐዘን ላይ እስካለ ድረስ ገና ትናንት የሞተ ይመስለኛል። የተነሣ ዕለት ሜኖ ሄደ ማለት ነው።»

 

ከዚያ ጸሐፊዋ የመናገር መብት እንደሌላት እያወቀች ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች። የተናገረችው ቃል በቃል እንዲመዘገብ ሰብሳቢው ስላዘዙ እነሆ፦

«ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ተኩል። ሰለቸኝ። ሁሉንም ንቀሉት። አንድም ጥርስ አይኑረው። ኤፖ፣ እኔም ሜኖን እወደው ነበር። ግን እሱ ክንፉ ላይ የለም። ለሠርጌ ሊጨፍርበት ጫማ ገዝቶ እንደነበር ረሳኸው? ሱቅ አብረኸው የሄድከው አንተ ነህ። ጠብቦታል እያልክ ስትስቅበት ነበር። ያንን ጫማ የገዛ ሰው በሠርጌ ቀን ሐዘን ቁሙልኝ ይላል?»

ሰብሳቢው አፍንጫቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ ጸሐፊዋ ሥነ ሥርዓት መጣሷን፣ ሆኖም «ሁሉንም ንቀሉት» የሚለው በአቀራረቡ የተሟላ የውሳኔ ሐሳብ መሆኑን አስታወቁ። ዜሮ ቁጥር መሆኑን አቶ ሉፖ አረጋገጡ። ጨምረውም ትንሹ መንኮራኩር ጥርስ ከሌለው ትልቁ የሚነክሰው ነገር እንደማይኖር፣ ክንፉም በእጅ ተስቦ በተፈለገበት ሊቆም እንደሚችል ገለጹ። ወ/ሮ ትሪንትየ ደገፉ። አቶ ሐርም ብቻ ተቃወሙ፤ ጉንፋኔ ሲለቀኝ ራሴ ብቻዬን ወጥቼ እነቅለዋለሁ፣ ማንም አይድከም አሉ። ሙሽራ ለሠርጉ ከሚለፋ ለጥርስ የሚለፋበት ምክንያት ለጸሐፊዋ አልተገለጠላትም። በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ሁሉም ጥርስ እንዲነቀል ተወሰነ (ውሳኔ ቁጥር 5)። ስብሰባው መንገድ ተሻግሮ ወፍጮው ውስጥ እንዲቀጥልም ተደረገ።

የመስክ ሪፖርት

መሰላሉ አንድም እርከን እንዳልጎደለው ታወቀ። አቶ ሐርም እንዲያብራሩ ሲጠየቁ ሳል ያዛቸው።

አቶ ሉፖ መዶሻ ይዘው የእንጨት ጥርሶቹን በየቀዳዳቸው ያጠበቁትን ሽብልቆች አላቀቁ፤ ሰብሳቢው ጥርሶቹን እየጎተቱ አወጡ፤ ወ/ሮ ትሪንትየ በሽርጣቸው ተቀበሉ። ሦስተኛው ጥርስ ሲወጣ ከመሐል አንድ ሮዝ ነገር ወደቀ፤ ጸሐፊዋ አንሥታ በመሐረብ ያዘችው። ትልቁ መንኮራኩርም እፎይ ብሎ ተላቀቀ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ውሳኔው ግን «ሁሉም» ስለሚል ሥራው ቀጠለ።

ጥርሶቹ ሲቆጠሩ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አቶ ሉፖ ደግመው ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ። መንኮራኩሩ ላይ ያለው ቀዳዳም ተቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ። መናከሱ ከሰነጠቀው ከአንዱ በቀር ሁሉም እኩል አልቀዋል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም።

«እና የኔ የአሥራ ሁለት ዓመት የወገብ ሕመም ከምን የመጣ ነው?» አሉ አቶ ሐርም።

«ከዕድሜ» አሉ ወ/ሮ ትሪንትየ።

ሰብሳቢው አንዱን ጥርስ በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ሃያ ብሎ ቃለ ጉባኤዬ ላይ ፈርሞ፣ ወጥቶ አሥራ ዘጠኝ ተከለ» አሉ። «ለአሥራ ሁለት ዓመት። እሑድ እሑድ አብረን እየበላን።» ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ የታዩት አሁን ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፣ ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጥርሱን ኪሳቸው ከተቱ። ንብረቱ የማኅበሩ መሆኑን ያስታወሳቸው የለም።

ቀጥሎ ጸሐፊዋ መሐረቧን ፈታች። በውስጡ የተገኘው ከመሐሉ የተሰነጠቀ የሰው ሠራሽ ጥርስ የላይኛው ድርድር ነው። ሁሉም ወደ ሻርፑ ዞሩ። አቶ ሐርም ቀስ ብለው ፈቱት።

«በሜኖ ቀን ነው» አሉ። «ክንፉን ሐዘን ላይ ካቆምኩ በኋላ መንኮራኩሩን ሰም ልቀባ ወጥቼ አስነጠሰኝ፤ ጥርሴ ተፈናጥሮ መሐሉ ገባ። አዲስ እስኪሠራልኝ ድረስ ማንም ባይወጣ ብዬ ነው። ሙሽራ ነኝ እኮ፣ አልትየ። ግማሽ አፌ የለም ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

አቶ ሉፖ በመንኮራኩሩ ውስጥ የተገኘው ጠቅላላ ጥርስ አሥራ ዘጠኝ የእንጨትና ግማሽ የሰው መሆኑን አስልተው አስታወቁ። ስለዚህ ውሳኔ ቁጥር 3 ከመወሰኑ በፊት በሥራ ላይ ውሎ እንደነበር፣ ወፍጮውንም ያቆመው እሱ እንደሆነ ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህ ሰው ጠልቶኛል ብላ ሁለት ጊዜ ማልቀሷ እስካሁን በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልሰፈረም። አሁን ይስፈር። ለአቶ ሐርም የሰጠችው መልስ ደግሞ የሚከተለው ነው፦

«ጥርስህን የማገባ መሰለህ? አንተ ብቻ ና። ሾርባ እንደሆነ አምስት ድስት አለን።»

የክንፉን ገመድ ሰብሳቢው ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው ሳቡ። ክንፉ ከሐዘን ተነሣ፣ ዞረ፣ ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው «በቃ» ተባለና ቆመ። በመንገዱ ላይ በብስክሌት የሚያልፍ አንድ ሰው እንደ ልማዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀና ብሎ ሲያይ መልሶ አደረገው።

የመዝጊያ ውሳኔ

ኮሚቴው ወደ ዳቦ ቤቱ ተመልሶ የሚከተለውን በአንድ ድምፅ ወሰነ (ውሳኔ ቁጥር 6)። የሞተ ስለሌለ ወይም የሞተው ስለታወቀ ማስታወቂያው አይለጠፍም። አሥራ ዘጠኝ ተኩል ተሽሯል። የግማሽ ጥርስ ንዑስ ኮሚቴ ግማሹ ጥርስ ስለተገኘ ፈርሷል። ሁሉም ጥርስ ይነቀል የተባለውም ተሽሮ ከሠርጉ በኋላ ሰኞ ዕለት ልክ ሜኖ እንደተከሉት አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀው ይተካል፣ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ላለውም ምትክ ይቀረጻል። በመዝገቡ ላይ ግን ሃያ ተብሎ ይቀራል፤ ሟቹ የፈረሙበት ነውና።

የብስኩቱ ቆርቆሮ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፈተ። ይህ ለወደፊቱ እንደ ልማድ እንዳይቆጠር ወ/ሮ ትሪንትየ አስጠንቅቀዋል። የአቶ ሐርም ድርሻ ቡና ውስጥ ተነክሮ ቀርቧል።

ሰብሳቢው ሊዘጉ ሲሉ አንድ ያልተሻረ ውሳኔ ይቀራል አሉ፤ አቶ ሐርምና ጸሐፊዋ ባዕድ ናቸው የሚለው ቁጥር 1። ቅዳሜ ራሱ ይሽረዋል ተባለ። ሰብሳቢው፣ እስከ ቅዳሜ ምን ያስጠብቃል፣ ሦስት ሳምንት ተጠብቋል አሉ። ለድምፅ ሲቀርብ አራት እጅ ወጣ። ጸሐፊዋ ድምፅ ባይኖራትም አምስተኛውን እጅ አወጣች፤ ተቆጠረላት።

ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተዘጋ። ይህን የጻፍኩት አልትየ ክሎስተር ነኝ፤ ሐርም ጎኔ ተቀምጦ ያለ ሻርፕ ይስቃል።